በሁለት እጅ የሚሰፋ ጠርዝ

ልብስ ሰፊው ጋሽ መቀስ ከእንጨቱ ደረጃ ግርጌ በጀርባው ተንጋሎ፣ ባዶ እግሩን፣ ክር መፍቻዋን ትንሽ መቀስ እንደጨበጠ ነው የተገኘው። ያገኘችው ሚስቱ ናት፤ ጠዋት የስፌት ቤቱን በር በቁልፏ ከፍታ ስትገባ። ጮኸች፣ ዋርሳዋ፣ የባሏ ወንድም፣ ተጠርቶ እየሮጠ መጣ፣ ሐኪሙም ሰውየው ማታውኑ እንደሞተ ተናገረ። ሁሉም ደረጃው አዳልጦት ነው አለ። ነገሩ እዚያው ላይ ሊያልቅ ነበር፤ የተላከው መርማሪ ግን ጣጣ ሆነና ሳያልቅ ቀረ።

«ጣጣ» ያሉት የሥራ ባልደረቦቹ ናቸው፤ አለቀ ደቀቀ በተባለ ነገር ላይ ሁሉ አንድ ጣጣ አያጣምና። ወፈር ያለ፣ ዝግ ያለ፣ የኮቱ ቁልፍ ዘወትር የጎረቤት ቀዳዳ ውስጥ የሚገባ ሰው ነው። አስከሬኑን ሲያይ፣ ሲያይ ቆየና መጀመሪያ የጠየቀው ስለ ጫማው ነበር።

ጫማው ፎቅ ላይ፣ ከሥራ ክፍሉ በር አጠገብ ተቀምጧል። ክፍሉ መሐል ነጭ የሐር ቬሎ የልብስ ማሳያ አሻንጉሊት ላይ ቆሟል፤ ከቀሚሱ ግራና ቀኝ ወለሉ ላይ ሁለት ትራስ አለ። ነጭ ሐር አጠገብ በጫማ መቆም በዚያ ቤት ነውር ነው። ጣጣም ጫማውን አወለቀ፤ የካልሲው ቀዳዳ ታየ፣ አላፈረም። በልቡ ግን ነገሩን ያዘ። ወደ ቤቱ የሚሄድ ሰው ሳይጫማ ደረጃ አይወርድም። በጀርባው የወደቀም ጀርባውን ለደረጃው ሰጥቶ፣ ፊቱን ወደ አንድ ሰው አዙሮ ነበር ማለት ነው።

በሩ ተቆልፎ አድሯል። ቁልፍ ያላቸው አራት ናቸው፤ ሟቹ፣ ሚስቱ፣ ወንድሙና የሚስቱ ታናሽ እህት።

ወንድምየው ደንበኛ የሚቀበል፣ ሽቶው ከሱ ቀድሞ የሚገባ ሰው ነው። ከሟቹ ጋር ከተኳረፉ መሰንበታቸውን አልደበቀም። እሱ በወንድሙ ስም ፋብሪካ ከፍቶ ልብስ በገፍ ላምርት ይላል፤ ሟቹ ደግሞ እኔ ሳልሞት አይሆንም ብሎት ነበር።

«እና ሞተ» አለ ጣጣ።

«እኔ ብገድለው ማን ጨርቅ ይቆርጥልኛል? ይኸው፣ የራሴን ቁልፍ እንኳ መትከል አልችልም» አለና በስፒል የያዘውን እጅጌውን አሳየ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ባልና ሚስት ሲጣላ ውጭ ያለ ሰው አያውቅም፣ ወደ ምራቴ ብታይ ይሻላል አለ።

እህትየውን ሁሉም ሚጢጢ ነው የሚላት። እናታቸው ስትሞት ገና ልጅ ነበረች፤ ያሳደገቻት፣ መርፌም ያስያዘቻት ታላቋ ናት። አሁን የቤቱን ጥልፍ ሁሉ የምትጠልፈው እሷ ነች። እያለቀሰች፣ ራሷን አሟት ከሁሉም ቀድማ እንደወጣች፣ የረሳችውን ጃንጥላ ልትወስድ ስትመለስ ግን ከደረጃው ሥር ጭቅጭቅ እንደሰማች ነገረችው።

«የማን?»

«የባልና ሚስቱ። እትዬ ትጮህ ነበር። እባክህ፣ እኔ ነገርኩህ እንዳትላት። ከሷ ሌላ ማንም የለኝም።»

አለቃው ይህን በስልክ ሲሰማ፣ ምን ትጠብቃለህ፣ ሴትየዋን ይዘህ ና አለው። ጣጣ እሺ አለና ወደ ሴትየዋ ሄደ።

ሚስትየው መስኮቱ ሥር ተቀምጣለች፤ አመልካች ጣቷ በፋሻ ተጠቅልሏል። ትላንት ካውያ አቃጥሏት መርፌ መያዝ ስላቃታት በጊዜ ወደ ቤቷ ሄዳለች፤ ቤት ውስጥም ብቻዋን ነበረች። ስትወጣ የቀሚሱ ጠርዝ ገና አልተጀመረም። ጣቷ እስኪሻላት ሊጠብቃት ተስማምተው ነበር።

«ሌላ ሰው አይሰፋውም?»

ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች። «ጠርዝ የኛ ነው። እሱ ግራኝ ነው፣ እኔ ቀኝ። ከፊት መሐል ተነስተን፣ እሱ በአንዱ ጎን እኔ በሌላው ዞረን ከኋላ እንገናኛለን። ስንገናኝ ሁለቱን ክር እሱ ይቋጥረዋል። የመጀመሪያው የራሴ የሠርግ ቀሚስ ነው። ከዚያ ወዲህ ከዚህ ቤት የወጣ ልብስ ሁሉ እንደዚያ ነው። ደንበኛ አያውቅም፤ እኛ ግን እናውቃለን።»

«ያሳዩኝ።»

ከጠዋት ጀምሮ ቀሚሱን ዞር ብላም አላየችውም ነበር። ተንበረከከች። እጇ ጠርዙ ላይ እንዳረፈ ቀረ። ዙሪያው ተሰፍቷል፤ ከኋላ አንድ ጋት ያህል ብቻ ክፍት ነው።

«ትንሽ ቀርቶታል» አለ ጣጣ።

«አልቀረውም። አልቆ ነበር።» ጨርቁን ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሳችው፤ ክፍቱ ላይ የመርፌ ቀዳዳዎች ተደርድረው ታዩ። «ሐር መርፌ ከገባበት ቀዳዳው አይደፈንም። ተሰፍቶ ነው የተፈታው።»

ከዚያ ወደ ፊት ዞራ የጠርዙን መነሻ ገለጥ አደረገች፤ ፊቷ አመድ መሰለ።

«ምን አዩ?»

«ምንም።»

ሲዋሽ የኖረን ሰው መዋሸት ከማያውቅ መለየት የጣጣ ሥራ ነው፤ ሴትየዋ መዋሸት አታውቅም። አልተጫናትም። ቁም ሳጥኑን አስከፍቶ የተሰቀሉትን ልብሶች ጠርዝ አንድ በአንድ ገለጠ። ቀጥሎ የሚጢጢን ጥልፍ እየገለበጠ ጀርባውን አየ። ከዚያ ሦስቱንም ፎቅ ጠራቸው፤ ጫማ አስወልቆ።

«እኔ ስፌት አላውቅም፤ ስለዚህ ስሳሳት አርሙኝ» ብሎ ጀመረ። «ሟቹ ባዶ እግሩን ነበር፤ ስለዚህ ሥራ ላይ ነው። ጀርባው ለደረጃው፣ ፊቱ ለሰው። እዚህ ሁለት ትራስ አለ፣ ጠርዙም በሁለት እጅ ተሰፍቷል። ትላንት ማታ ፊት ለፊቱ ተቀምጦ የሰፋ ሰው ነበር። የገፋውም እሱ ነው።»

ወንድምየው ምራቱን አየ። «ከሷ ሌላ ማን ይሰፋል?»

«እኔም እንደዚያ ባልኩ ነበር። ግን መቀሱ አለ። ክፍቱ ያለው በሌላው ሰው ጎን ነው፤ ሟቹ የፈታው የራሱን ስፌት አይደለም ማለት ነው። ከሚስቱ ጋር የሰፋውን ለምን ይፈታል? ሚስቱ ማየት የሌለባት እጅ ስለሆነ ነው።» ወደ ሴትየዋ ዞረ። «መነሻው ላይ ያዩትን ይንገሩኝ።»

የጠርዙን መነሻ በመዳፏ ሸፈነችው።

«እንግዲያው እኔ ልንገርዎት። ትላንት ማታ እዚህ ሆነው ባልዎ ላይ ሲጮሁ ተሰምተዋል። የሰማችው እህትዎ ናት።»

ሴትየዋ ወደ ሚጢጢ ዞረች። ሚጢጢ መሬት መሬት አየች። 

«እኔ ደብቄሽ ነበር» አለች ታላቂቱ ቀስ ብላ። «ይውሰዱኝ ብዬ ዝም ብዬሽ ነበር።» ከዚያ ለመርማሪው፣ እህቷን እያየች፣ «የኛ ክር ሲጀመር ይቋጠራል። የሱም የኔም። በዚያ ጎን ያለው ግን ቋጠሮ የለውም፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ተመልሶ ተወግቶ ነው የተነሳው። ጥልፍ ሠሪ ነው እንደዚያ የሚያደርገው፣ ቋጠሮው ጨርቁን እንዳያጎብጠው። ያስተማርኳት እኔ ነኝ።»

ሚጢጢ ለመካድ አልሞከረችም። ከጋሽ መቀስ ጋር በድብቅ ፍቅር ከጀመሩ መቆየታቸውን በደረቅ ድምፅ ተናገረች። እሷን ይዞ ሌላ ቤት ሊከፍት ቃል ገብቶላት ነበር። ትላንት ልትሄድ ስትል አስቀራት፤ ደንበኛዋ ቸኩላለች፣ የእህትሽ ጣት ተቃጥሏል፣ ነይ አንቺ ስፊው አላት።

«ጠርዙን ሲሰጠኝ አሁን የኔ ሆነ አልኩ። ሌላው ሁሉ ተደብቆ ነው፣ ይሄ ግን ለዓለም የሚወጣ ነው። ሰፋን፣ ተገናኘን፣ ቋጠረው። ከዚያ አየውና 'እሷ ታውቅብኛለች' ብሎ ተነሳ። መቀሱን አንስቶ የኔን ፈታ። የሱን ሳይነካ የኔን ብቻ። ለመንኩት። ውጪ ብሎ በሩን ሊያሳየኝ ደረጃው ጋ ቆመ።»

ሌላውን መናገር አላስፈለጋትም። ፖሊሶቹ ሲያወርዷት ደረጃው አናት ላይ ቆም ብላ «እትዬ» አለች። እትዬ ቀሚሱን እያየች ነበር፤ ዞር አላለችም።

ወንድምየው አንገቱን ደፍቶ ይቅርታ ጠየቃት። መጽናኛ ይሆናታል ብሎም፣ ወንድሜ ሲሞት እኮ ወደ አንቺ እየተመለሰ ነበር አላት።

«ወደ እኔ አልተመለሰም» አለች። «እንዳላውቅበት ነው የፈታው።»

ሙሽራዋ በማግሥቱ ትመጣለች፤ ፖሊሶቹም ጠርዙን ፎቶ አንስተው ጨርሰዋል። ሴትየዋ ትራሱ ላይ ተቀመጠች፣ የራሷን ትንሽ መቀስ አነሳችና የእህቷን ጎን ፈታች፤ ቶሎ ቶሎ፣ ሳታለቅስ። ሲያልቅ እጇ ትንሽ አረፈ። ከዚያ የባሏን መነሻ ቋጠሮ በጥፍሯ ፈልጋ አገኘችና ቆረጠችው።

ጣጣ ጫማውን ሲያጠልቅ አያት። «የሳቸውንም?»

«ሲሰፋው ከማን ጋር እንደሆነ ያውቅ ነበር።»

ፋሻውን ከጣቷ ፈታች። መርፌው ቁስሉን ሲነካው ጥርሷን ነከሰች፤ አዲስ ክር ቋጠረችና ከፊት መሐል ጀመረች። ጣጣ ደረጃውን ሊወርድ ሲል፣ መጨረሻው ላይ ስትደርስ ክሩን ማን ሊቋጥርላት ነው ብሎ አሰበ። ሊጠይቃት ፈልጎ ተወው።