ከተማ ሲበላ

አሰልጣኙ የሞቱት ተራቸውን ሲጠብቁ ይመስል ነበር። ከወንበራቸው ሳይነሱ ግንባራቸው ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ አርፏል፤ ቀኝ እጃቸው ከኮምፒውተሩ ማውስ አጠገብ ተዘርግቷል። ከኋላቸው፣ ወለሉ ላይ፣ የግንብ ቅርጽ ያለው የናስ ዋንጫ ወድቋል። ጭንቅላታቸውን የተመቱት በእሱ ነው። ስክሪኑ ግን የባለቤቱን ሞት አልሰማም። በሁለት ወንዞች መካከል የተቆረቆረች ከተማ ያሳያል፤ ከሥሯ «ተራው የእርስዎ ነው» የሚል ጽሑፍ ብልጭ ድርግም ይላል።

ክፍሉ ዙሪያውን በኮምፒውተሮች ተሞልቷል። አሰልጣኙ እዚህ ጀማሪዎችን ከተማ ማስተዳደርና ጦር መምራት ያስተምሩ ነበር። ከተማውም ጦሩም የጨዋታ ነው። «ጨዋታ እኮ ነው» ብሎ የተናገረ ሰው ግን ሁለተኛ እዚያ ክፍል ውስጥ ወንበር አያገኝም። ከስክሪናቸው በላይ፣ ግድግዳው ላይ፣ በትልልቅ ፊደል የተጻፈ መስመር ተሰቅሏል፦ «ከተማ ሲበላ ጦር ይውጣ።»

መርማሪዋ ይህን ሁሉ በሩ ላይ ቆማ አየች። ባልደረቦቿ «ጆሮ» ይሏታል። «ጆሮ ጠቢ ማለታችን አይደለም» እያሉ ይምሉላታል፤ እሷም የሚምል ሰው አታምንም።

«ነገሩ አልቋል» አላት ቀድሟት የደረሰው ሃምሳ አለቃ። «ገዳይዋን ይዘናል። የእህታቸው ልጅ ናት።»

«አንተ ዘንድ ነገር ቶሎ ያልቃል። እስቲ ንገረኝ።»

ነገራት። የአሰልጣኙ ባለቤት በማለዳ የገዛ እህታቸው ዘንድ ሄደው ነበር። አሰልጣኙ ሌላ ከተማ ካለ ተጋጣሚ ጋር በኢንተርኔት እየተጫወቱ ነበር፤ ኮምፒውተሩ እያንዳንዱን ተራ መዝግቧል፤ የመጨረሻው ተራ የተጫወቱት ከምሳ በኋላ ነው። ከምሳ በኋላ ወደ ቤቱ ስትገባ የታየችው ደግሞ ልጅቷ ብቻ ናት። ጎረቤቶች «ዛሬ ያበቃል» ብላ ስትጮህ ሰምተዋታል። እሷ ከወጣች በኋላ የተጫዋቾች ማኅበር ሰብሳቢና የማኅበሩ ሻምፒዮን ከስብሰባ አብረው መጥተው ሬሳውን አገኙት። ሁለቱም ከጠዋት ጀምሮ ስብሰባ ላይ ነበሩ።

«ሐኪሙስ?»

«ክፍሉ በኮምፒውተሮቹ ስለሚሞቅ የሞቱበትን ሰዓት ቆርጬ አልናገርም ብሏል። ግን ምን ያደርግልናል? ሲጫወቱ ነበር፤ ልጅቷ ገባች፤ ጨዋታው ቆመ። ዛሬውኑ ማረሚያ ቤት ባትገባ ምን አለ በይኝ። ደግሞ አንዲት ጠብታ እንባ አላወጣችም።»

ልጅቷ መመገቢያ ክፍሉ ውስጥ በካቴና ተቀምጣለች። አንገቷን ቀና አድርጋ ሃምሳ አለቃውን ታየዋለች፤ እሱ ነው ዓይኑን የሰበረው።

«ለምን አላለቀስሽም?» አለቻት መርማሪዋ ወንበር ስባ።

«እኚህ ሃምሳ አለቃ እንዲያዩልኝ ነው? ለጋሼ ምን ያህል እንደማለቅስ እኔ አውቃለሁ። በካቴና ግን አላለቅስም።»

«ጮኸሻል ይላሉ።»

«ጮኼያለሁ። ለውድድሩ ቡድን አስገቡኝ ብዬ ለመንኳቸው፤ ገና ጀማሪ ነሽ አሉኝ። ዛሬም መጥቼ የክፍላቸውን በር አንኳኳሁ፤ ዝም አሉኝ። ሲጫወቱ መልስ አይሰጡም። ‹ልመናዬ ዛሬ ያበቃል› ብዬ ሄድኩ። በሩን አልከፈትኩትም።»

«በንዴት ነው ያደረግኩት ብትይ ይቀልልሻል» አለ ሃምሳ አለቃው። በእርግጥም አዝኖላት ነው።

«ያላደረግኩትን ቀሎም ቢሆን አልሸከመውም። ከፈለጋችሁ ዕድሜ ልክ አስቀምጡኝ፤ አላደረግኩም ብዬ ነው የማረጀው።»

መርማሪዋ ካቴናውን እንዲፈታላት አዘዘች። ሃምሳ አለቃው አጉረመረመ፣ ግን ፈታላት።

«እኔ ይህን ጨዋታ አላውቀውም። አስተምሪኝ።»

ልጅቷ የእጇን አንጓ አሸች። ከዚያ የአጎቷ አነጋገር በአፏ መጣ። «ጀማሪ ሁሉ መጀመሪያ ጦር ይሰበስባል። ስህተቱ እሱ ነው፤ ጦር ሆድ አለው። መጀመሪያ ጎተራ፣ ቀጥሎ ግንብ፤ ጦሩ ከዚያ ይደርሳል። ያሉሽ ከተሞች ሳይጠግቡ አዲስ ከተማ አትቆርቁሪ። ከሁለት ጎረቤት ጋር በአንድ ጊዜ አትጣዪ።»

«ይሄማ ለቤትም ይሆናል። ጠላት ከተማዬን ቢከብብስ?»

«በርሽን ዘግተሽ ትቀመጫለሽ። ግንብ ውስጥ ያለ አንድ ወታደር ሜዳ ላይ ካሉ ሦስት ይበልጣል። ቢርብሽም ትጠብቂያለሽ እንጂ አትወጪም።»

መርማሪዋ ራሷን ነቀነቀችና ግድግዳው ላይ ወደተሰቀለው የማኅበሩ የቀን መቁጠሪያ ጠቆመች። ማኅበሩ የአሰልጣኙን ምክር በትልቁ አትሞበታል። «መነጽሬን መኪና ውስጥ ረሳሁት። ምን ይላል?»

«ከተማ ሲበላ ጦር ይውጣ» ብላ አነበበችላት። መርማሪዋ ዓይኗን ጨፍና ሰማች። ሃምሳ አለቃው መነጽሩን ደረት ኪሷ ውስጥ አይቶታል፤ ነገር ግን ልማዷን ስለሚያውቅ አፉን ያዘ።

ቀጥለው የገቡት የአሰልጣኙ ባለቤት ናቸው። ፊታቸው በለቅሶ አብጧል። በሩ ላይ ሲተላለፉ የልጅቷን ትከሻ ጨበጥ አድርገው አለፉ።

«እሷ አይደለችም፣ ልጄ» አሉ ገና ሳይቀመጡ። «ቢኮራረፉም ይዋደዳሉ።»

«እርስዎ ጨዋታውን ይችሉታል፣ እትዬ?»

«ነክቼው አላውቅም። ግን ከግድግዳው ወዲህ ሆኜ እየሰማሁት አረጀሁ። ጎተራ፣ ግንብ፣ ጦር፤ ሌላ ወሬ የለም። በሕልሜ እንኳ ስንቴ ተወርሬያለሁ።» ፈገግ ሊሉ ሞከሩና አቃታቸው። «ባለፈው ሳምንት እንኳ የማኅበሩ ስብሰባ ላይ፣ ሰብሳቢው ንግግር ሲያደርግ፣ ባሌ ብቻውን ሳቀ። ምን አሳቀህ ብለው፣ ‹ሰብሳቢያችን ከተማውን አስበላው› አለኝ። ምን ማለቱ እንደሆነ አልገባኝም።»

መርማሪዋ ይህንን ማስታወሻዋ ላይ ጻፈች። ከዚያ የቀን መቁጠሪያውን እንዲያነቡላት ለመነቻቸው። ቀና እንኳ ሳይሉ «ከተማ ሲበላ ጦር ይውጣ» አሉ፣ በቃላቸው።

ሻምፒዮኑ ቅጽል ስሙ «ዝምተኛው» ነው፤ ስሙን ያወጡለት አሰልጣኙ ናቸው። ሬሳው ከተነሳ በኋላ መርማሪዋ ስክሪኑ ፊት አቁማ የዕለቱን ጨዋታ ከመጀመሪያው እንዲያሳያት ጠየቀችው። እስከ ተወሰነ ቦታ ድረስ በአድናቆት ተመለከተ፤ ከዚያ ፊቱ ጠቆረ።

«እዚህ ላይ ምን ሆነ?»

«ጋሼ ደክመው ነበር መሰለኝ። ተጋጣሚው ከበባቸው፤ እሳቸው ጦራቸውን በሙሉ ከግንቡ አስወጡት። ሜዳ ላይ አለቀ። እንዲህ ያለውን ጀማሪም አይሠራውም።» ከስክሪኑ ዞር አለ። «አሳፋሪ ስለሆነ ለሰው አልተናገርኩም።»

«ስብሰባችሁስ እንዴት ነበር?»

«አሰልቺ። ሰብሳቢው ስልካችሁን ዝጉ ብሎን፣ እሱ ግን ጠረጴዛ ሥር ሲነካካ ዋለ። ጎኑ ስለተቀመጥኩ አየሁት።»

ወደ መመገቢያ ክፍሉ ሲመለሱ እሱም የቀን መቁጠሪያውን አነበበላት፦ «ከተማ ሲበላ ጦር ይውጣ።»

በመጨረሻ ሰብሳቢው ገባ። ከረባት አስሯል፤ የማኅበሩን ዓርማ ደረቱ ላይ ሰክቷል። ሐዘኑን በንግግር መልክ አዘጋጅቶ ነበር የመጣው።

«ታላቅ ሰው አጣን። እኔና እሱ ለዚህ ጨዋታ ያልከፈልነው መስዋዕትነት የለም።»

«እርስዎም ይጫወታሉ?»

«ከልጅነቴ ጀምሮ» አለ ሰብሳቢው። ጨዋታው የተፈጠረው እሱ ጢም ካበቀለ በኋላ መሆኑን ማንም አላነሳበትም።

መርማሪዋ ስለ መነጽሯ አዘነችና እንዲያነብላት ጠየቀችው። ሰብሳቢው ብድግ ብሎ ኮቱን ቆለፈ፤ መድረክ ላይ እንዳለ ሰው ድምፁን ጠረገ። «ከተማ ሲበላ ጦር ይውጣ።»

መርማሪዋ ዓይኗን ገለጠች። «ይቅርታ፣ አንድ ጊዜ ይድገሙልኝ።»

«ከተማ ሲበላ ጦር ይውጣ።»

«አመሰግናለሁ። ድምፅዎ ያምራል» አለችው፤ ይህም እውነት ነበር።

ከዚያ አራቱንም ወደ ኮምፒውተሮቹ ክፍል ሰበሰበቻቸው። ሃምሳ አለቃው ካቴናውን ይዞ ከልጅቷ ኋላ ቆሟል። ልጅቷ ዞር ብላ እንኳ አላየችውም።

«አሰልጣኙ ከምሳ በኋላ በሕይወት ነበሩ ያለን ይህ ስክሪን ብቻ ነው» አለች መርማሪዋ። «ስክሪን ደግሞ ማን እንደተጫወተ እንጂ በማን ጣት እንደተጫወተ አያውቅም። ይህን ጨዋታ በሌላ ነገር መጫወት ይቻላል?»

«በስልክም ይቻላል» አለች ልጅቷ። «የጋሼ ስልክ የይለፍ ቃል የለውም። ተማሪዎቹ ሁሉ እንለማመድበታለን።»

«ያ ስልክ ጠረጴዛው ላይ፣ አጠገባቸው ነበር። አሻራ ፈለግንበት፤ የማንም የለበትም፤ የእሳቸው እንኳ። የራሱን ስልክ በደንብ ወልውሎ የሞተ ሰው እኔ እስካሁን አላጋጠመኝም። ስለዚህ አሰልጣኙ የሞቱት ጠዋት ነው። ገዳዩ ስልኩን ይዞ ሄደ፤ ሰው መሃል ተቀምጦ በሟቹ ስም ተጫወተ፤ በኋላ መልሶ አስቀመጠው። ከምሳ በኋላ በሩን ያንኳኳችው ልጅ መልስ ያላገኘችው ለዚህ ነው።»

የአሰልጣኙ ባለቤት እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ልጅቷ ወለሉን ታይ ነበር፤ ስታንኳኳ አጎቷ ሞተው እንደነበር ገና አሁን ገባት።

«ይህን ያደረገው ማን ነው? ዝምተኛው እንደነገረኝ ከተማው ሲከበብ ጦሩ በሙሉ ሜዳ ወጥቶ አለቀ። ለምን? እኔን ያስገረመኝ ይህ ጽሑፍ ነው።» ወደ ግድግዳው ጠቆመች። «ለአራታችሁም አስነብቤያችኋለሁ። ፊደሉ አንድ ነው። ሦስታችሁ ‹ሲበላ› የሚለውን አላልታችሁ አነበባችሁት፤ አንዱ አጠበቀው። ልጄ፣ ሲላላ ምን ማለት ነው?»

ልጅቷ ቀና አለች። «ተራ ሲያልቅ ከተማው ይበላል፤ ምግብ ማለቴ ነው። ጦሩ ውስጥ ካለ ጎተራውን ይጨርሳል። ስለዚህ ሰላም ከሆነ፣ ከተማው ከመብላቱ በፊት ጦሩን ወደ ሜዳ ታወጪዋለሽ፤ እዚያ ራሱን መግቦ ይመለሳል። ጋሼ ለጀማሪ መጀመሪያ የሚነግሩት እሱን ነው።»

«ሲጠብቅስ? ከተማው ይበላል፤ ጠላት በላው፣ ተበላ። እንዲያ ሲሆን ጦርህን አውጣ ይላል» ብላ መርማሪዋ ራሷ መለሰች።

«ያንን የሚያደርግ አብዷል» አለ ዝምተኛው። ከዚያ ወደ ስክሪኑ ዞረ።

«አላበደም። በዚህ ክፍል ወንበር ላይ ተቀምጦ አያውቅም እንጂ። እትዬ ጨዋታውን ባይነኩም በግድግዳ ማዶ ሰምተውታል፤ ስለዚህ አላልተው አነበቡት። ያጠበቀው ሰው ምክሩን ከግድግዳ ላይ አንብቦት ነው እንጂ ከሰው አፍ አልሰማውም። ቀን መቁጠሪያ ላይ አሳተመው፤ መድረክ ላይ አጠበቀው፤ አሰልጣኙም ሳቁ። ‹ሰብሳቢያችን ከተማውን አስበላው› አሉ። የተጫዋቾች ማኅበር ሰብሳቢ ጨዋታውን እንደማይችል የገባቸው ያን ቀን ነው።»

ሁሉም ወደ ሰብሳቢው ዞሩ። ሰብሳቢው ሳቀ፤ ሳቁ ግን ቦታ አላገኘም።

«በአንዲት ፊደል ሰው ሊታሰር ነው?»

«ፊደሏ ምን አደረገች? ያጠበቋት እርስዎ ነዎት።»

«ጠረጴዛ ሥር የያዙት ስልክ ጥጉ የተሰነጠቀ ነበር» አለ ዝምተኛው ቀስ ብሎ። ሰውየው በሕይወቱ ይህን ያህል ሰው ፊት ተናግሮ አያውቅም። «የእርስዎ ስልክ አዲስ ነው። የተሰነጠቀው የጋሼ ነው። ሬሳውን ስናገኝም ‹አንተ ሩጥ፣ ሰው ጥራ፤ እኔ እዚህ እጠብቃለሁ› አሉኝ።»

ሰብሳቢው ከረባቱን አላላ። «ከማኅበሩ ምርጫ በፊት አባላቱ ፊት አንድ ጨዋታ ተጫወት አለኝ» አለ። «አለዚያ እኔ እነግራቸዋለሁ አለ። ጠዋት፣ ስብሰባው ሳይጀመር፣ መጥቼ ለመንኩት። ፊቱን ወደ ስክሪኑ አዙሮ ‹መጀመሪያ ተማር› አለኝ። እኔን፣ ይህን ሁሉ ስም የገነባሁትን ሰው።»

«ጎተራ ሳይኖርዎት ነው ግንብ የሠሩት» አለች ልጅቷ።

ሃምሳ አለቃው ካቴናውን ይዞ ከእሷ ኋላ ወጣና ሰብሳቢውን አሰረው። በሩ ላይ ሲደርስ ተመልሶ «ይቅር በይኝ፣ እህቴ» አላት። «አስብበታለሁ» አለችው።

ክፍሉ ጭር ሲል የአሰልጣኙ ባለቤት ወደ ግድግዳው አዩ። «ያንን ጽሑፍ አንሺልኝ። ከእንግዲህ ላየው አልችልም።»

«አይነሳም፣ እትዬ። ማንበብ የሚፈልግ እዚህ ተቀምጦ፣ ሰምቶ ያንብበው። ከነገ ጀምሮ እኔ ነኝ የማስተምረው» አለች ልጅቷ።

ስክሪኑ ድምፅ ሰጠ። ሩቅ ያለው ተጋጣሚ ምንም አልሰማም፤ ትዕግሥቱ አልቆ መልእክት ልኳል፦ «ከተማዎ ሊወድቅ ነው። እጅ ይሰጣሉ?»

«አልቋል» አለ ዝምተኛው። «ጦር የለም። ውስጥ የቀረው አንድ ዘበኛ ነው። እኔ ብሆን እሰጣለሁ።»

ልጅቷ መርማሪዋን አየቻት። «ልንካው?»

«ማስረጃውን ፎቶ አንስተነዋል። ንኪው።»

ልጅቷ የአጎቷ ወንበር ላይ ተቀመጠች። እትዬ አጠገቧ ወንበር ሳቡ። ያኔ ነው እንባዋ የመጣው፤ ያለ ካቴና፣ ማንም ሳያዛት፣ ጉንጯን አጥቦ አገጯ ላይ እየተንጠባጠበ። አልጠረገችውም፤ እጇ ሥራ ይዟል። የከተማዋን በር ዘጋች፤ አንዱን ዘበኛ ግንቡ ላይ አወጣችው፤ ከዚያ «አልሰጥም» የሚለውን ተጫነች።