እመ ጅብን ማን ወሰዳት?

ሰኞ ጠዋት ፍኖተ ሰላም ውስጥ ትሕትና የቢሮዋን በር ስትከፍት እመ ጅብ አልነበረችም።

በሩ አልተሰበረም። መስኮቱ አልተነካም። ሁለቱ ላፕቶፖች ከነቻርጀራቸው ጠረጴዛው ላይ ናቸው። የጌሙ ጀግና ወለላ ጎራዴዋን ተደግፋ ስክሪኑ ላይ ቆማለች። የሌለችው ጠላቷ ብቻ ናት። ሥዕሏ፣ አረማመዷ፣ ሳቋ፣ ሁሉም ተጠርጓል። መሳቢያ ውስጥ የነበረው ቅጂም ጠፍቷል። ተጫዋቾች ሐሳባቸውን የጻፉበት ወረቀት የተጠራቀመበት ካርቶንም አብሮ ሄዷል።

ትሕትና አላለቀሰችም። ልቅሶ ጊዜ ይወስዳል። በሩን ቆልፋ ወደ ፖሊስ ጣቢያ ወረደች።

«ሰው ጠፍቶብኝ ነው» አለች።

ዋና ሳጅን እስከዳር ቅጽ ሳበች። ሃያ ዓመት ሙሉ የጠፋ ሰው መልክ ስትጽፍ የኖረች ሴት ናት።

«ስም?»

«እመ ጅብ።»

ብዕሩ ቆመ።

«የኔ እመቤት፣ ጠዋት በጠዋት እንዲቀልድብኝ የፈቀድኩት ለባሌ ብቻ ነው።»

«ቀልድ አይደለም። አንድ ዓመት ሙሉ የሠራናት ናት።»

ትሕትና፣ ስሟ እንጂ ጠባይዋ ትሕትና ያልሆነችው ልጅ፣ ነገሩን አስረዳች። ጌም ትሠራለች። ማንም አላስተማራትም፤ ቪዲዮ እያወረደች ለራሷ ተማረች። ጀግናዋን ራሷ ፈጠረች። ጠላቷን ግን ለተጫዋቾች ተወች። በፍኖተ ሰላም፣ በማንኩሳ፣ በቡሬና በሽንዲ ጌም ቤቶች በየሳምንቱ እያንዳንዱ ተጫዋች አንዲት ነገር ይጽፋል። ብዙ ድምፅ ያገኘችው ትጨመራለች። ዳታ ስለማይታመን ወረቀቱ በሚኒባስ ይመጣል።

«አሁን ምን ያስቸኩልሻል?»

«ዓርብ ባሕር ዳር ውድድር አለ። አባቴን አንድ ዓመት ስጠኝ፣ ካላለፍኩ ሽንዲ እመለሳለሁ፣ ያልከኝን አደርጋለሁ ብዬዋለሁ። ዓመቱ የሚሞላው ዓርብ ነው።»

«ቃልሽን ብታጥፊስ?»

«እኔ?» አለች ትሕትና፣ እንደተሰደበ ሰው።

እስከዳር ቆቧን አነሳች።

ክፍሏ ጠባብ ናት። ሳጅኗ በሩን ሁለቴ ከፍታ ዘጋች።

«ቁልፉ ስንት ነው?»

«ሁለት። አንዱ የኔ፣ አንዱ የአዛናው። ሠዓሊያችን ነው። እመ ጅብን የሣላት እሱ ነው፤ ሰው የገዛ እጁን ሥራ ይሰርቃል?»

«ሰው የገዛ ልጁንም ይሰርቃል። ሦስት መዝገብ አለኝ።»

አዛናው በዚህ መሀል ገባ። ቀጭን፣ ዝምተኛ ልጅ ነው። ፖሊስ ሲያይ አልደነገጠም።

«እሑድ የት ዋልክ?»

«ቤቴ።»

«ማን አየህ?»

«ግድግዳው።»

«አገርህ የት ነው?»

«ዱርቤቴ።»

«እነ ማንኩሳ፣ እነ ቡሬ ትሄዳለህ?»

«አልፌባቸው አውቃለሁ።»

እስከዳር ካርቶኑ የነበረበትን ባዶ ቦታ ተመለከተች። «አንድ ነገር አልገባኝም። ሌባው ፋይሉን ለመሸጥ ወሰደው እንበል። የተጫዋቾቹን ወረቀት ምን ያደርግለታል?»



ትሕትና የምትጠረጥረው ሁለት ሰው ነበር። አንደኛዋ የማንኩሳዋ ተጫዋች መስከረም ናት፤ ሐሳቧ ሲወድቅ «ትጥፋ ይቺ አሮጊት!» ብላ ጽፋለች። ሁለተኛው የቡሬው ጌም ቤት ባለቤት ሃይለ ሚካኤል ነው፤ «ያለ ቡሬ ልጆች እመ ጅብ አትኖርም፣ የቤቴ ስም ይውጣ» ብሎ ከትሕትና ጋር ተጣልቷል።

መስከረም በስልክ ተገኘች።

«ባለ ሰባት ራስ ዘንዶ አቅርቤ በአሮጊት ተሸነፍኩ፤ እርስዎ ቢሆኑ አይናደዱም? ግን እሑድ የአክስቴ ልጅ ሠርግ ላይ ሚዜ ነበርኩ። ቪዲዮ ልላክልዎ?»

ላከች። ስትጨፍር ነው። እስከዳር እስከ መጨረሻው አየችው፤ ለምርመራው አስፈላጊ አልነበረም።

ማክሰኞ ሁለቱ ሴቶች ቡሬ ወረዱ። ሚኒባስ ውስጥ ሳጅኗ፣ «እነዚህ ተጫዋቾች በመጨረሻ ምን ምን ጨመሩላት?» አለች። ካርቶኑ ቢጠፋም ድምፅ አግኝተው ያለፉትን ሐሳቦች ትሕትና በደብተር መዝግባ ቦርሳዋ ውስጥ ትይዛለች። እስከዳር ተቀብላ አነበበች።

ቁመቷ አጭር። እስከ ክርኗ ጭቃ። ሰማያዊ ሻሽ። ቀኝ እግሯን ትጎትታለች። አህያዋ አንድ ጆሮው ቆራጣ ነው። ግራ ዓይኗ ላይ ነጭ አለባት።

ደግማ አነበበች።

«ይኼ ነው ፈጠራችሁ?»

«ምን ጎደለው?»

«ልጄ፣ ተረት ቀንድ ያወጣል፣ ክንፍ ያወጣል። ይኼ የሰው መልክ ነው። እኔ ከዚህ ባነሰ ጽሑፍ ሰው ፈልጌ አግኝቻለሁ። ሐሳቦቹ ከየት መጡ?»

ትሕትና ገጹን ገለጠች። ከእያንዳንዱ መስመር ጎን ያለው ከተማ አንድ ነው። ቡሬ።

ሃይለ ሚካኤል ገና ሲያያቸው ጮኸ። «እኔ ልሰርቅ? እመ ጅብ ከጠፋች ማን እዚህ ቤት ይመጣል? ልጁ ሁሉ አብዶላታል! ውጭ እንኳ ሲያገኟት…»

አፉን ዘጋ።

«ማንን ሲያገኙ?» አለች እስከዳር በቀስታ።

ሃይለ ሚካኤል ጣሪያውን አየ። ጣሪያው ላይ ምንም አልነበረም።

እስከዳር ደብተሩን እንደያዘች ገበያ ገባች። ትሕትና ተከተለቻት። እህል ተራን፣ በርበሬ ተራን አለፉ። ሸክላ ተራ መጨረሻ ላይ፣ ከሌሎቹ ራቅ ብላ፣ አንዲት አጭር ሴት ተቀምጣለች። ሰማያዊ ሻሽ። እስከ ክርን ጭቃ። ከኋላዋ ጆሮ ቆራጣ አህያ ታስሯል። ጀበናውና እንስራው እንደመጣ ተደርድሯል፤ አንድም ገዥ የለም። አንዲት እናት በአጠገቧ ስታልፍ የልጇን ፊት በነጠላዋ ሸፈነች።

ሁለት ልጆች ሮጠው መጡ። «እመ ጅብ! እመ ጅብ!» ብለው ሮጠው ተመለሱ።

ሴትዮዋ ቀና አለች። ግራ ዓይኗ ላይ ነጭ አለባት።

«እንደምን ዋሉ፣ እማማ» አለች እስከዳር። «ከመቼ ወዲህ ነው እንዲህ የሚሉዎት?»

«እግዜር ይመስገን። ቡዳማ ድሮም ይሉናል፤ በሹክሹክታ ነበር። ዘንድሮ ስም አወጡልኝ።»

ስማቸው አልጣሽ ነው።

«ልጅ አለዎት?»

«አንድ። ፍኖተ ሰላም ነው፤ በኮምፒውተር ይሥላል አሉ። ቅዳሜ መጥቶ ነበር። ልጆቹ ሲጠሩኝ ሰማና እህል ሳይቀምስ ተመለሰ።»

ትሕትና ደብተሯን ከሳጅኗ እጅ ወሰደች። ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው፤ እሳቸው ማንበብ ይችሉ ይመስል።

አዛናው አልካደም። ጣቢያው አግዳሚ ላይ ተቀምጦ እጆቹን እያየ ተናገረ።

«እያወቅህ ነው የሣልካት?» አለች እስከዳር።

«በሳምንት አንድ ነገር ነው የሚመጣው። አንዴ አህያ። ጆሮ ቆራጣ አህያ ሞልቷል። አንዴ ሻሽ። ሰማያዊ ሻሽ ስንቱ ያስራል ብዬ ሣልኩ። በመጨረሻ ዓይኑ መጣ። ነጩን ሳስቀምጥ እናቴ ከስክሪኑ ውስጥ አየችኝ። ተመሳሰለ እንጂ ብዬ ራሴን ዋሸሁ። ቅዳሜ ቡሬ ሄድኩ። ሰማሁ።»

«ለምን አልነገርከኝም?» አለች ትሕትና።

«ምን ብዬ? የዱርቤቴ ገበሬ ልጅ ነኝ ያልኩሽ ውሸት ነው፣ የሸክላ ሠሪ ልጅ ነኝ ብዬ? ያከራዩኝ ሴትዮ ልጃቸውን ባተኮሰው ቁጥር እኔን እንዲያዩኝ? አንቺስ ከአንድ ሳህን ትበዪ ነበር?»

ትሕትና መልስ የማታጣ ልጅ ናት። እበላ ነበር ልትል አፏን ከፈተች። እርግጠኛ አልነበረችም። ዘጋችው።

«ወረቀቱስ?» አለች እስከዳር።

«አቃጠልኩት። የማን የማን እጅ እንደጻፋት ማወቅ አልፈለግሁም።» ከኪሱ ፍላሽ አወጣ። «እሷን ግን ማጥፋት አልቻልኩም። የእናቴ ፊት ነው።»

ሳጅኗ በረጅሙ ተነፈሰች። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይሉ ነበር። የናንተ ድር ግን ያሰረው ሸክላ ሻጯን ነው። ብትጠይቂያቸው ሁሉም ‘እኔ አንዲት ነገር ብቻ ነው የጻፍኩት’ ይሉሻል።» ፍላሹን ወደ ትሕትና ገፋችው። «ንብረትሽ ነው። ዓርብን ማለፍ ትችያለሽ። ባሕር ዳር ማንም አያውቃቸውም።»

«እኔ አውቃቸዋለሁ» አለች ትሕትና። ክስ አልመሠረተችም።

ረቡዕ ጠዋት ከአዛናው ጋር እማማ አልጣሽ ቤት ሄደች። ላፕቶፑን ከጭቃው ክምር አጠገብ ከፈተችው። ያደረገችውን ሳታሳምር ተናገረች። ድምፅ የቆጠርኩት እኔ ነኝ አለች።

አልጣሽ ስክሪኑን ረጅም ጊዜ አዩ።

«ዓይኔን ማን ሠራው?»

«እኔ፣ እማዬ።»

«አሳምረኸዋል።» ወደ ትሕትና ዞሩ። «ምን ትሠራለች?»

«ሰው ትበላለች።»

«ከዚያስ?»

«ጀግናዋ መጥታ ትገድላታለች።»

«አንዴ?»

«ተጫዋቹ ባሸነፈ ቁጥር።»

 አዛናው መሬት መሬት አየ።

«ትጥፋ ካሉኝ አሁኑኑ አጠፋታለሁ» አለች ትሕትና። «ዓርብም ይቅር።»

«ለምን ትጠፋለች? በቁሜ ያጠፉኝ አነሱሽ?» አሉ አልጣሽ። «ሥራ ስጫት እንጂ። እንዲያው ያቺ ጀግናሽ፣ ያን ሁሉ አገር ስታቋርጥ ውሃ አይጠማትም?»

ትሕትና የላፕቶፑን ቁልፎች መምታት ጀመረች። አዛናው ብዕሩን አወጣ። ሁለት ቀን ነበራቸው።

ዓርብ ከሰዓት ማለፋቸው ተነገረ። ትሕትና ወደ ሽንዲ ደወለች፤ አባቷ «እንግዲህ ቆዪ» አሉ። እሷ ግን ስለዚያ ቀን ስትጠየቅ የምታወራው የጠዋቱን ነው።

መነጽር ያደረጉ አንድ ዳኛ ወለላን እየነዱ በረሃ ገቡ። የውሃዋ መጠን እየቀነሰ ሄደ። ነጭ ዓይን፣ ሰማያዊ ሻሽ፣ ጆሮ ቆራጣ አህያ ያላት ሴት ከእንስራዎቿ መሀል ብቅ አለች። ዳኛው ጎራዴ መዘዙ።

«እንዴት ነው የምገድላት?»

«አይገድሏትም» አለች ትሕትና። «እንስራ ይገዟታል።»

«ባልገዛስ?»

«ውሃ የሚይዙበት ያጣሉ። በጥም ይሞታሉ።»

ዳኛው አላመኑም። ወጓት። ወለላ አሥር እርምጃ ሄዳ በጥም ወደቀች። እንደገና ጀመሩ። አሁን ጎራዴውን ከተቱ፤ እንስራ ገዙ፤ ከምንጩ ቀዱ፤ በረሃውን አቋረጡ። ከዚያ ሴትዮዋን ለማየት ወለላን ወደ ኋላ መለሷት።

«መልኳ የተፈጠረ አይመስልም» አሉ። «ከየት አመጣችሁት?»

ትሕትና ተጫዋቾቻችን ናቸው ልትል ስትጀምር አዛናው ቀደማት።

«የእናቴ ነው» አለ፣ አዳራሹ እስኪሰማ። «ቡሬ ሸክላ ትሠራለች።»