በጥርሴ የሰማሁት

እኔ እንዲህ ባለ ነገር አምኜ አላውቅም፣ አክስቴ ስለ ቀትር ጋኔን ስታወራ የምስቅ ሰው ነበርኩ፣ እመኑኝ፣ ይህ ግን በጠራራ ቀን ነው የሆነው፣ ባሕር ማዶ፣ ሴንት ፖል ከተማ፣ ኮሌጅ በገባሁበት ዓመት፣ በረዶው የኮሌጁን ምድር ቤት መስኮት በሸፈነበት ሰሞን።

ለሙዚቃ ትምህርት ስለ አንድ ታላቅ የሙዚቃ ደራሲ ሕይወትና ሥራ ፕረዘንት እንዳደርግ ታዘዝኩ፣ እኔም ጆሮው ከደነቆረ በኋላ ታላላቅ ሥራዎቹን የደረሰውን ጀርመናዊ መረጥኩ። ምክንያት ነበረኝ። ቀኝ ጆሮዬ በልጅነቴ ታምሞ ቀርቷል፣ ያለኝ ግራው ብቻ ነው፣ እሱም እንዳይከተለው ሁልጊዜ እፈራለሁ።

እዚያው አቅራቢያ፣ ኮሎምቢያ ሃይትስ፣ አብሬያት ለምኖረው አክስቴ ስነግራት፣ «የደነቆረ ሙዚቀኛ? ዓይነ ስውር ሹፌርም አለ በይኛ!» ብላ ሳቀችብኝ።

ሰውየው እንጨት ነክሶ፣ ጫፉን ፒያኖው ላይ አስደግፎ፣ ድምፁን በአጥንቱ ይሰማ ነበር ይባላል። መምህሬን ደስ ላሰኛት ብዬ ልሞክረው ተነሳሁ። በምሳ ሰዓት፣ ሰው በሌለበት፣ ምድር ቤት ያለው የልምምድ ክፍል ገባሁ፣ ጆሮዬን በጥጥ ደፈንኩ፣ እርሳስ ነከስኩና ጫፉን ፒያኖው ላይ አሳርፌ አንድ ቁልፍ ተጫንኩ። እውነቱን ነው! ድምፁ ጥርሴ ውስጥ፣ ግንባሬ ውስጥ ዘመረ። እጄን አነሳሁ። ድምፁ ግን አልቆመም፣ ሌላ ተከተለው፣ ከዚያም ሌላ፣ ቁልፎቹ ግን፣ እያየኋቸው፣ አንዱም አልተነቃነቀም። እርሳሱን አውጥቼ ጥጡን ስነቅል ክፍሉ ጭር ብሏል። የማሞቂያው ቧንቧ ይሆናል ብዬ፣ ራሴን አጽናንቼ፣ ጥጡን መልሼ እንደገና ነከስኩ።

አሁን ሙዚቃ አልነበረም። «ማሚትዬ» አለኝ፣ ነፍሷን ይማረውና እናቴ ብቻ በምትጠራኝ ስም። እኔም ልማድ ሆኖብኝ፣ እርሳሱን እንደነከስኩ፣ «አቤት!» አልኩ።

የጠራኝ እፎይ ሲል ጥርሴ ውስጥ ተሰማኝ።

እርሳሱን ከአፌ መነጨቅሁት። ፒያኖው ላይ ያረፈው ጫፍም ተነክሶ ነበር።

ማታ ለአክስቴ ነገርኳት። «ማን እንደጠራሽ ሳታዪ፣ በቀትር፣ አቤት አልሽው?» አለች፣ ያን ዕለት ግን አልሳቀችም።

መምህሬ ፕረዘንቴሽኑን ወደደችው፣ ሐኪሙም ግራ ጆሮሽ ደህና ነው ይለኛል። ትናንት ግን እራት ላይ አክስቴ ትከሻዬን ነቀነቀችኝ። «ኧረ አንቺ ልጅ! ይህን ያህል ስጮህ አትሰሚም?»

እሷን አልሰማኋትም። ሹካ ነክሼ ነበር፣ ሌላ ሰው እየጠራኝ ነበር።