ባለ ክንፉ ካርድ

ኮልፌ 18 ማዞሪያ፣ ታክሲዎቹ ከሚዞሩበት ፊት ለፊት፣ የስልክ ሽፋንና ቻርጀር የሚሸጥባት ጠባብ ሱቅ አለች። ባለቤቷ አነስ የሃያ ሁለት ዓመት ወጣት ነው። አነስ ክፉ ልጅ ነው የሚል ሰው በሰፈሩ አይገኝም፤ አይጠጣም፣ አይቅምም፣ ሰላት አያሳልፍም፣ ትልቅ ሰው ሲገባ ከመቀመጫው ይነሳል። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ያለ ምክንያት አይደለም። ጥፋት ከዱርዬ ቤት ብቻ የሚወጣ የሚመስለን ብዙዎች ነን።

የአነስ ሱስ ካርድ ነበር። የቁማር ካርድ አይደለም። የተዋጊ ሥዕል የታተመባቸው፣ በፓኬት ታሽገው በመንገደኛ ሻንጣ ከዱባይ የሚመጡ ካርዶች ናቸው። ከጀርባቸው እንደ ድሮው የሞባይል ካርድ የሚፋቅ መስመር አላቸው። ሥሩ ያለውን ቁጥር በስልክ ጌም ውስጥ ሲያስገቡት ሰይፍ፣ ጋሻ ወይም ልብስ ይከፈታል። አብዛኛው ካርድ ተራ ነው። አልፎ አልፎ ግን ከመቶ ፓኬት አንዱ ውስጥ እንኳ የማይገኝ ይወጣል፤ ልጆቹ "ሬር" ይሉታል። አነስ ሬሮቹን አንድ በአንድ በፕላስቲክ ሸፍኖ በጫማ ካርቶን ያስቀምጣል። የእናቱ የምርመራ ወረቀት ደግሞ ተጨማዶ ከካልሲዎቹ ጋር መሳቢያ ውስጥ ተኝቷል።

"ይሄን ሁሉ ምን ልታደርገው ነው?" ትለዋለች ታላቅ እህቱ አልፊያ።

"አንቺ አይገባሽም። ሰው ቴምብር ይሰበስብ የለ?"

"ቴምብር የሚሰበስብ ሰው እናቱ ስትጠራው አቤት ይላል። አንተ ጌም ላይ ከተቀመጥክ ቤቱ ቢቃጠል አትሰማም።"

አነስ ይስቃል፤ እሷም ትስቃለች። ያን ጊዜ ገና የሚያስቅ ነገር ነበር።

እናታቸው ሃፊዛ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ሰፊ ነበረች። ባሏ ከሞተ ወዲህ ሁለቱንም ልጆቿን ያሳደገችው በአንድ የስፌት መኪና ነው። ሲቆይ ልቧ ታመመ። ከቤቷ እስከ አስፋልቱ ያለችውን አጭር ዳገት ስትወጣ ሦስት ጊዜ ትቆማለች። ሰው እንዳያዝንላት ስለምትፈልግ በቆመች ቁጥር ጎንበስ ብላ ጫማዋን የምታስተካክል ትመስላለች። ሐኪሞቹ ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋታል አሉ፤ ወረፋው ግን ረጅም ነበር።

የተመዘገቡ ዕለት ነርሷ የሺእመቤት ነገሩን በግልጽ ነግራቸዋለች።

"አልጋ ሲለቀቅ እንደውላለን። ስልኩ ካልተነሳ ለሚቀጥለው ሰው እንሰጣለን፤ እሱም እንደ እናንተው የሚጠብቅ ነው። ሁለት ቁጥር ስጡኝ።"

የሃፊዛ ስልክ ባትሪው ግማሽ ቀን አይቆይም። አልፊያ የራሷን ቁጥር ልትናገር አፏን ስትከፍት አነስ ቀደማት።

"የእሷ ሁልጊዜ ቦርሳ ውስጥ ነው፣ ሲጠራ አትሰማውም። የእኔን ብቻ ይጻፉት። ከእጄ አይለይም።"

አልዋሸም። ስልኩ በእውነትም ከእጁ አይለይም ነበር። ነርሷ አንድ ቁጥር ጻፈች።

አሥር ወር አለፈ። አንድ ማክሰኞ ጠዋት አየር ጤና ጌም ቤት ያለው ወዳጁ ጌታቸው ደወለለት። "ቶሎ ድረስ! ባለ ክንፉ ፈረሰኛ እጄ ገብቷል። አዲስ አበባ ውስጥ ሁለት ቢኖር ነው።" አነስ ሱቁን ዘግቶ ካርቶኑን ይዞ በረረ። ከሬሮቹ ሁሉ የሚወዳቸውን፣ ገና ያልተፋቁ አሥራ ዘጠኝ ካርዶች ሰጥቶ ባለ ክንፉን ተቀበለ።

"ስማ፣" አለው ጌታቸው፣ "ቁጥሩን ካስገባህ በኋላ በሦስት ሰዓት ውስጥ ውድድሩን ካልጨረስክ ክንፉ ይቀርብሃል። መሀል ላይ ስልክ ከተደወለብህ ደግሞ ከጌሙ ያስወጣሃል።"

"እና ምን ይሻላል?"

"ጥሪውን ዝጋዋ! ዋይፋይ አለ። ሁላችንም እንደዚያ ነው የምናደርገው። በሦስት ሰዓት ውስጥ ምን ይፈጠራል?"

አነስ አመነታ። እናቱ ትዝ አለችው። አሥር ወር ሙሉ ያልደወለ ሆስፒታል ዛሬን መርጦ አይደውልም ብሎ ራሱን አሳመነና የአውሮፕላኗን ምልክት ነካ። ስንቱ ወጣት ይህችን ምልክት በየቀኑ ይነካል! አብዛኛውን ጊዜ ምንም አይፈጠርም፤ የሚያዘናጋንም ይኸው ነው።

ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ፈረሰኛው ክንፉን ዘረጋ። ቤቱ በጩኸት ተናጋ፤ ጌታቸው አነስን አንስቶ አሽከረከረው። አነስ እየሳቀ ጥሪውን ሲከፍት አንድ መልእክት ገባ። ከአንድ የመደበኛ ስልክ ቁጥር ሦስት ጊዜ ተደውሎለት ነበር። መልሶ ደወለ፤ የሚያነሳ የለም። በጦር ኃይሎች በኩል ታክሲ ቀይሮ ሆስፒታሉ ሲደርስ ላብ አጥምቆት ነበር።

"ሦስት ጊዜ ደወልኩ፣" አለች የሺእመቤት። "እስከ አምስት ሰዓት ጠበቅኩህ። ከዚያ በላይ አልቻልኩም፤ አልጋው ለሌላ ታካሚ ተሰጠ። የት ነበርክ?"

ኮሪደሩ ላይ አንዲት ሴት የባሏን እጅ ይዛ በደስታ ታለቅሳለች። አልጋው ለእሱ እንደደረሰው አነስ ገባው።

"ኔትወርክ አልነበረም፣" አለ።

"አይ ኔትወርክ!" ብላ ተነፈሰች ነርሷ። አዲስ አበባ ውስጥ ይህን ውሸት የማያምን ማን አለ? "ለማንኛውም አሁን ሁለተኛ ቁጥር ስጠኝ።"

የአልፊያን ቁጥር ቢሰጥ አንድ ቀን ነርሷ የዛሬውን ልታነሳላት ትችላለች። አነስ ይህን አሰበ። እህቱን ፈራ፣ ከዚያም በላይ የእናቱን ፊት ፈራ።

"የእኔ ይበቃል፣" አለ።

የመጀመሪያው ጥፋቱ የዝንጋታ ነበር። ሁለተኛውን ግን እያወቀ ነው ያጠፋው፤ እኔን እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይህኛው ነው።

ከዚያ ቀን ወዲህ ጌሙን አልከፈተም። ስልኩን መታጠቢያ ቤት ይዞት ይገባል፣ ሲተኛ ደረቱ ላይ ያደርገዋል። ቀሪዎቹን ካርዶች ሸጦ የግል ሆስፒታል ሊያስገባት ሞከረ፤ የተፋቀ ካርድ ማን ይገዛል? ጌታቸው እንኳ "ወንድሜ፣ ይሄ አሁን ወረቀት ነው" አለው። ማታ ማታ እናቱ የስፌት መኪናዋን ትከድንና ያችኑ ጥያቄ ትጠይቀዋለች።

"አነስዬ፣ ዛሬም አልደወሉም?"

"አልደወሉም እማ።"

"ለኸይር ነው።"

ሰባት ሳምንት ሙሉ ይህን ተባባሉ። በሰባተኛው ሳምንት መጨረሻ ሃፊዛ የተሰፋ ዩኒፎርም ለደንበኛ ልታደርስ ወጣች። ዳገቷ ላይ፣ ከጎረቤት አጥር ሥር፣ ጎንበስ አለች። ሰዎች በአጠገቧ አለፉ። እንደ ልማዷ ጫማዋን የምታስተካክል መስሏቸው ነበር። ቀና ሳትል ስትቀር ሮጠው ደረሱ፤ ነፍሷ ግን ወጥታ ነበር።

በተዕዚያው፣ በለቅሶው በሦስተኛው ቀን፣ ግቢው በሰው ተሞልቶ፣ ስልኩ ጮኸ። ገና በመጀመሪያው ጥሪ አነሳው።

"የወይዘሮ ሃፊዛ ቤተሰብ ነህ?" ድምፁ የየሺእመቤት ነበር፤ ደስ ብሏታል። "እንኳን ደስ ያላችሁ፣ አልጋ ተገኝቷል! ዛሬውኑ ይዘሃቸው ና።"

ሰዉ ሁሉ ዞሮ ያየዋል።

"እናቴ ሞታለች፣" አለ አነስ። "ለሚቀጥለው ሰው ስጡት። ቶሎ ደውሉለት።"

"ማን ነው?" አለች አልፊያ።

"ሆስፒታሉ ነው። ከዚህ በፊትም ደውለው ነበር።" ከዚያ በኋላ ሊያቆም አልቻለም። ማክሰኞውን፣ ካርዱን፣ የዘጋውን ጥሪ፣ ኔትወርክ ያለውን ውሸት፣ ሁሉንም በለቀስተኛው ፊት ተናገረ።

አልፊያ አልጮኸችበትም። ብትጮኽበት ይሻለው ነበር።

"እሷ እኮ የረሷት መስሏት ነው የሞተችው፣" አለችው። "በየማታው ትጠይቅህ አልነበር? ደውለውልሽ ነበር ብትላት ምን ነበር? አጠፋሁ ብትላት ይቅር ትልህ ነበር፤ እማን አታውቃትም?"

አነስ ያውቃታል። ይቅር እንደምትለው አሁን እርግጠኛ ነው፤ የሚጠይቃት ግን የለችም።

ወገኖቼ፣ ጨዋታ ይቅር እያልኩ አይደለም። ወጣት ይጫወታል፤ የሚወደውን ነገር ቢሰበስብም ነውር የለበትም። ግን እያንዳንዳችን አንድ ሰው አምኖ የጣለብን አደራ አለብን። አደራውን "ለሦስት ሰዓት ብቻ" ብለን አስቀምጠን የምናነሳው ዕቃ አናድርገው። ካጠፋን ደግሞ ሰውየው በሕይወት ሳለ እንናገር። ሆስፒታል ቁጥር ሲጠይቃችሁም እባካችሁ ሁለት ስጡ።

አነስ ይህን ለሌሎች መንገር ጀምሯል። ባለፈው ሳምንት አየር ጤና ጌም ቤቱ ሄዶ፣ ልጆቹ መሀል ቆሞ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተረከላቸው። ጌታቸው አንገቱን ደፋ። ከልጆቹ አንዱ ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ ከንፈሩን መጠጠ፤ "አይዞህ ወንድሜ" አለው። ከዚያም ውድድሩ ሊጀመር ስለሆነ ስልኩን አነሳና የአውሮፕላኗን ምልክት ነካ።