አንጓ ላይ የቀረ ቅባት

ብሪታ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በምሰሶ ዳንስ ቀን ገላዋን ቅባት አስነክታ አታውቅም። ኧረ ማንም አያስነካም! ምሰሶው ብረት ነው፤ ብረትን አጥብቆ የሚይዘው ደግሞ ደረቅ ቆዳ ብቻ ነው። ቅባት ተቀብቶ የወጣ ሰው እሱ ወድቆ ብቻ አያበቃም፣ ከኋላው ተራ ለሚጠብቀውም ብረቱን አሙለጭልጮ ይተውለታል። ዱሉዝ በምትባል የአሜሪካ ከተማ ባለችው ትንሿ የዳንስ ቤታቸው ይህን ለጀማሪዎች የምታስተምረው ራሷ ብሪታ ናት። ስትቆጣ ደግሞ ለጉድ ነው።

እንግዲህ ይቺው ብሪታ ናት በዚያ ዓርብ ጠዋት፣ የምሰሶ ዳንሰኞች ዓመታዊ ጉባኤ በሚካሄድበት የሚልዋኪ ከተማ ሆቴል፣ ሰባተኛ ፎቅ መታጠቢያ ቤት ቆማ የሆቴሉን ትንሽዬ የቅባት ጠርሙስ ከፍታ እስከ ክርኗ የተቀባችው። ለውዝ ለውዝ ይሸታል።

ምክንያቷ ዌንደል ነበር።

ዌንደል ዲሞይን ከተማ የሚኖር የሊፍት ጠጋኝ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ሥራ ላይ የሊፍት በር ግራ እጁን ጨፍልቆት ነበር። ሐኪሙ «ጣቶችህን አጠንክር» ሲለው ነው ወደ ምሰሶ ዳንስ የመጣው፤ መጥቶም ቀረ። አምና በዚሁ ጉባኤ የጥንድ ዳንስ ትምህርት ሲጀመር ሁሉም ጥንዱን ይዞ ሲቆም እሱና ብሪታ ብቻ ተጣማሪ አጡ። አስተማሪዋ «እናንተ ሁለት የተረሳችሁ፣ ኑ እዚህ!» ብላ አገናኘቻቸው። ሰባት ጊዜ አነሳት። በእያንዳንዱ ጊዜ «ላንሳሽ?» ብሎ ይጠይቅና መልሷን እስክትሰጠው ይጠብቃል። ጠይቆ መልስ የሚጠብቅ ወንድ ለብሪታ ብርቋ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ዓመቱን ሙሉ በስልክ ነው። ለየብቻ እየተለማመዱ ቪዲዮ ይላላካሉ። ዘንድሮ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አብረው መድረክ ሊወጡ ተመዝግበዋል። ስለ ዳንሱ ያልተነጋገሩት የለም፤ ስለ ሌላው ግን አንዳቸውም ትንፍሽ አላሉም። አንድ ቀን ብቻ ዌንደል ስልኩን ሊዘጋ ሲል «በመጨረሻ እጅሽን ልይዝ ነው» አለና ያለው ነገር አስደንግጦት ጆሮዋ ላይ ዘጋው።

ይቺ ቃል እንቅልፍ ነሳቻት። እጇን ገልብጣ አየችው። ጥርስ ሐኪም ቤት ቀኑን ሙሉ ሲታጠብና ጓንት ውስጥ ሲታፈን የሚውል እጅ ነው፤ ጀርባው ተሰነጣጥቋል፣ መዳፉ በብረት ጠጥሯል። ይሄን ነው የሚይዘው? ብላ ተሸማቀቀች።

ሐሳቧ ቀላል ነበር። ቁርስ ላይ ይጨባበጣሉ፣ እጇን ለስልሶ ያገኘዋል፣ ከዚያ ትምህርቱ ሳይጀመር ሙልጭ አድርጋ ትታጠባለች። በቃ።

ዌንደል ግን መንገድ ላይ ዝናብ ያዘው። ቁርስ ቤቱ በጉልበት መከላከያና በቁምጣ በመጡ ሰዎች ተሞልቷል፤ አንዱ ጭኑን፣ አንዷ ብብቷን እየገለጡ የበለዘውን ያወዳድራሉ። ብልዙን «የብረት መሳም» ነው የሚሉት። በዚያው ሳምንት ሆቴሉ ውስጥ ስብሰባ የነበራቸው ንብ አርቢዎች በሰሀናቸው ላይ አቀርቅረው፣ ዓይናቸውን የት እንደሚያሳርፉ ጨንቋቸዋል። ብሪታ በሩን እያየች እንቁላሏን አቀዘቀዘችው። ሳይመጣ ቢቀርስ? መጥቶ ሲያያት እንደ ቪዲዮው ባትሆንበትስ?

ሰዓቷን ስታይ ትምህርቱ ሊጀመር ሦስት ደቂቃ ቀርቶታል። እግሬ አውጪኝ ብላ ሮጠች። አዳራሹ በር ላይ በአልኮል የራሰ ፎጣ አንስታ መዳፏን ፈተገች፣ ደግማም ፈተገች። መዳፏን ብቻ። በጥንድ ዳንስ ሰው የሚያያዘው ግን መዳፍ ለመዳፍ ሳይሆን የእጅ አንጓ ለእጅ አንጓ ነው። ይህንንም የምታስተምረው ራሷ ናት። ጭንቀት ያስረሳል።

ዌንደልን ጸጉሩ ከዝናቡ ሳይደርቅ ብረቱ ሥር ቆሞ አገኘችው።

«መጣህ» አለች።

«መጣሁ» አለ።

ከዓመት ወሬ በኋላ የተገኘው ቃል ይኸው ነው። ሁለቱም መሬት መሬት አዩ።

አስተማሪዋ ማሪሶል በእጇ አጨበጨበች። «ወገኖቼ! ቅባት የነካ አለ?»

አርባ ሰው በአንድ ድምፅ «የለም!» አለ። ይህ ጥያቄና መልስ ሳይባል ብረት አይነካም። ብሪታም ዓይኗን በጨው አጥባ «የለም!» አለች። ደግሞ ጮክ ብላ! ጠርጌዋለሁ እኮ፣ ምን ቀረ፣ ብላ ራሷን አጽናናች።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሙከራዎች ደህና አለፉ። በሦስተኛው ላብ መጣ። ዌንደል ብረቱን በጉልበቱ ቆልፎ ቁልቁል ተዘቅዝቋል፤ አንጓዎቿን ይዞ ወደ ላይ ሊስባት ነው። እግሯ መሬቱን ለቀቀ። ያኔ የግራ አንጓዋ በግራ እጁ ጣቶች ውስጥ ሲንሸራተት ተሰማት። «ዌን...» ከማለቷ ወፍራሙ ፍራሽ ላይ በጎኗ ዘጭ አለች። እሱ ሊቀልባት ሲወረወር ትከሻው ቀጭ ሲል ተሰማ።

የፈሩት ይደርሳል።

«ደህና ነኝ! ምንም አልሆንኩም!» አለች እየተነሳች። ዌንደል ግን ትከሻውን እንኳ አልነካም። ግራ እጁን ዘርግቶ ያያል። ፊቱ አመድ መስሏል።

«ለቀቅኩሽ» አለ።

«አይደለም፣ እኔ...»

ሰው ከበባቸው። በረዶ የሚያመጣ፣ ውሃ የሚያቀብል። ብሪታ የለውዝ ሽታ ከአንጓዋ ሲወጣ ሸተታትና ክው አለች። አሁን ብትናገር የመጀመሪያው ጥያቄ አንድ ነው፤ አንቺ፣ የአሥራ አንድ ዓመቷ፣ ለምን ተቀባሽ? ለዚህ ጥያቄ ያላት መልስ ደግሞ ያው አንድ ብቻ ነው። እሱን በአርባ ሰው ፊት ከምትናገር መሬት ተከፍታ ብትውጣት መረጠች። ዝም አይነቅዝም ብላ ዝም አለች።

ይቺኛዋ ዝምታ ግን ነቀዘች። የዚያን ቀን ማምሻ ከዱሉዝ አብራት ከመጣችው ከጌይል ጋር በአገሩ ልማድ ዓርብ ዓርብ የሚበላው ጥብስ አሳ ፊታቸው ቀርቦ ሳለ የዌንደል መልእክት ገባ።

«ስማችንን ከነገው አሰርዣለሁ። ትከሻዬን ሐኪም አይቶታል፣ በሳምንት ይድናል። እጄ ነው እንጂ የከዳኝ። ድኗል ብዬ ራሴን አታልዬ ነበር። ሰኞ አለቃዬን ከሊፍት ሥራ እንዲያወጣኝ እነግረዋለሁ፤ በዚህ እጅ የሰው ነፍስ አልይዝም። ብረቱንም ትቻለሁ። ይቅር በዪኝ፣ ብሪታ።»

ደወለች። አያነሳም። ጻፈች፣ አጠፋች። ደግማ ጻፈች፣ አጠፋች።

ጌይል የስድሳ አንድ ዓመት ጡረተኛ ፖስተኛ ናት፤ ብረት የጀመረችው በሃምሳ አምስት ዓመቷ ነው። ሹካዋን ወደ ብሪታ ቀሰረች።

«አንቺ፣ አሳው ምን በደለሽ?»

«ምንም።»

«ምንም ይብላሽ! ምን ሆነሻል?»

«ጌይል፣ ቅባት ተቀብቼ ነበር።»

ጌይል መርዶ እንደተነገራት ሹካዋን አስቀመጠች። «አንቺ? ቅባት? ምን ሆንኩ ብለሽ?» ብሪታ አቀረቀረች። ጌይል ለአፍታ አየቻት። «ወይ ጉድ! ወደሽዋል!»

«ቀስ በይ እንጂ!»

«ንገሪዋ ታዲያ!»

«ምን ብዬ? ለምን ካለኝ አለቀልኝ። ጓደኛዬ ብቻ ነሽ ቢለኝስ? ዓመት ሙሉ ያቆየሁት ነገር እኮ በአንድ ቃል ነው የሚፈርሰው።»

«እና አንቺ እንዳታፍሪ ሰውየው ሥራውን ይተው?»

ብሪታ ሰሀኑን ገፋ አደረገች። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም፤ የሷ ክፋቱ ደግሞ በሽታው የሚያሰቃየው ሌላ ሰው መሆኑ ነው። ሌሊቱን ዓይኗ ሳይከደን ነጋ።

ቅዳሜ ጠዋት ክፍሉን አንኳኳች፤ የከፈተላት የለም። ወደ አንድ ትምህርት ገብታ ቆመች፣ ምን እንደሚባል አልሰማችም። እኩለ ቀን ሊሆን ሲል በአዳራሹ መስታወት በኩል አየችው። ቀኝ ክንዱን በጨርቅ አንጠልጥሎ፣ ሻንጣውን እግሩ ሥር አድርጎ፣ ቁልፍ ለማስረከብ ንብ አርቢዎቹ መሀል ተሰልፏል። ከፊቱ ሁለት ሰው ቀርቶታል።

ጫማዋን ሳታደርግ፣ በዚያው በቁምጣዋና በጉልበት መከላከያዋ ወጥታ ሮጠች።

«ዌንደል!»

ዞረ። ዓይኑ ቀልቷል። «መንገዱ ረጅም ነው፣ ሳይመሽብኝ ልሂድ ብዬ...»

«አልጣልከኝም!»

«ብሪታ፣ ደግነትሽ ይገባኛል። ግን...»

«ደግነት አይደለም! ቅባት ነው!»

ሰልፉ በሙሉ ዞረ።

«ምን?»

«ቅባት! እስከ ክርኔ ተቀብቼ ነበር። መዳፌን ጠረግኩ፣ አንጓዬን ረሳሁት። ማሪሶል ስትጠይቅም ዋሸሁ። ማንም ቢይዘኝ ከእጁ እወጣ ነበር። እጅህ ምንም አልሆነም፣ ዌንደል። ምንም!»

ዌንደል ግራ እጁን አየው። ጨበጠው፣ ፈታው፣ እንደገና ጨበጠው። ከዚያ ቀና ሲል ፊቱ ሌላ ነበር።

«ከትናንት ጀምሮ ይሄን እጅ ቆርጬ ልጣለው ስል ነው ያደርኩት» አለ ቀስ ብሎ። «ለእህቴ ደውዬ ሥራዬን ልለቅ ነው ብያታለሁ። አልቅሳለች። አንቺ ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«እያወቅሽ ዝም አልሽ?»

«ዝም አልኩ» አለች። ማመካኛ አልፈለገችም።

«ለምን ተቀባሽ ግን? ጀማሪ በቅባት ሲመጣ ከበር የምትመልሺ አንቺ! ለምን?»

ይኸው መጣ። መሸሽ አማራት፣ እግሯ ግን አልታዘዘም።

«እጅሽን ልይዝ ነው ስላልከኝ» አለች። «እጄ ሻካራ ነው። ስትይዘው እንዲለሰልስልህ ፈለግኩ። ለዳንሱ አይደለም፣ ለአንተ ነው። እወድሃለሁ። ይኸው ወጣልኝ። አሁን መሄድ ትችላለህ።»

ከዌንደል ኋላ የቆሙት ሽማግሌ ንብ አርቢ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ልጄ፣ ተራህ ደርሷል። ወይ ቁልፍህን አስረክብ፣ ወይ ለልጅቷ መልስ ስጣት። እኛም የምንሄድበት አለን።»

«ይለፉኝ፣ አባቴ» አለ ዌንደል ዓይኑን ከሷ ላይ ሳያነሳ። ሽማግሌው አለፉ። ከኋላቸው ያሉትም አለፉ። ሻንጣውን በእግሩ ገፋ አድርጎ ከሰልፉ ወጣ።

«ተናድጃለሁ» አለ።

«አውቃለሁ።»

«ቶሎም አይበርድልኝ። እስከ ማክሰኞ ሳልናደድ አልቀርም።»

«እሺ።»

«ዱሉዝ በመኪና ስንት ሰዓት ይፈጃል?»

ብሪታ የሰማችውን ማመን አቃታት። «ስድስት። ለምን?»

«ሐኪም የሰጠኝ የሳምንት እረፍት አለኝ። ጌይልና አንቺ ስትመለሱ አብሬ ልምጣ?»

«መጥተህ ምን ልታደርግ?»

«ልናደድ» አለ። «አጠገብሽ ሆኜ ልናደድ። ደግሞ ዓመት ሙሉ በስልክ መናገር ያቃተኝን ልነግርሽ። እጅሽንም ልይዝ፤ ሳላነሳሽ፣ መሬት ላይ፣ እንዲሁ።»

ግራ እጁን ዘረጋላት። ጠባሳው ከአውራ ጣቱ ሥር ተነስቶ እስከ መዳፉ መሀል ይወርዳል፤ ከዚያ በፊት እንዲህ ሲዘረጋው አይታው አታውቅም።

«ሻካራ ነው» አለች እጇን ወደ ኋላዋ ደብቃ።

«የኔስ?» አለ። «አምጪው።»

ሰጠችው።