የኡበይድ ተራ

ዘላለም የሞተው ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ነበር። አንገቱን ወደ ግራ ጣል፣ እጆቹን ሆዱ ላይ ሰብሰብ አድርጎ፣ ቀትር ላይ እንደሚያሸልበው ሁሉ። ጓደኛው ይድነቃቸው በሩን ገፍቶ ሲገባ መጀመሪያ ሙቀቱ፣ ቀጥሎ የጭሱ ሽታ ተቀበለው። ስሙን ጠራው። ትከሻውን ነቀነቀው። ከዚያ ደጃፉ ላይ ወጥቶ ለሚያልፈው ባለባጃጅ «ሰው ሞቷል» አለው። ድምፁ «ዛሬ መብራት የለም» እንደሚል ሰው ድምፅ ነበር።

«ልጁ ደንግጦ ነው» አሉ የተሰበሰቡት። እሱ ግን ድንጋጤውን ቢፈልገው አጣው። እግሩ እንደደነዘዘበት ሰው፣ ራሱን ቆንጥጦ ቢያየውም የሚሰማው ነገር አልነበረም።

የዘላለም ጌም ቤት ከቆቦ መናኸሪያ ጀርባ ናት። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር ይነሣል፤ ጄኔሬተሩም ቦታው ጓሮ ነው። ያን ቀን የተገኘው ግን ክፍሉን ተጠግታ በተሠራችው ጠባብ ዕቃ ቤት ውስጥ ነበር። የጓሮው በር ተዘግቷል፤ ወደ ክፍሉ የሚያስገባው ወለል ብሏል። ነዳጁን ጨርሶ ጠፍቷል። ጭሱ የተኛውን ሰው ሳይቀሰቅስ ወስዶታል።

«በእግሩ አልገባም መቼም» አለች ምክትል ኢንስፔክተር ሰይዳ፣ ጄኔሬተሩን ዞር ዞር ብላ አይታ። አጭር፣ ሻሿን ከመለዮዋ ሥር ጥብቅ ያደረገች፣ ስትጠይቅ ዓይኗን የማትነቅል ሴት ናት። «አንተ ምን ልትሠራ መጣህ?»

«ተራዬን ልጫወት።»

«የምን ተራ?»

ይድነቃቸው አስረዳት። አራት ጓደኛሞች ናቸው፤ ዘላለም፣ የውኃ ሞተር ጠጋኙ ተሾመ፣ የሮቢቱ ሽንኩርት አምራች ኡበይድ፣ እሱ ራሱ። በአንዲት ኮምፒውተር ላይ አራት አገር ይገዛሉ። ከተማ ይቆረቁራሉ፣ ያርሳሉ፣ ጦር ያዘምታሉ፣ ቃል ኪዳን ይገባሉ፣ ያፈርሳሉ። እያንዳንዱ ሲመቸው መጥቶ በተራው ይጫወትና ይሄዳል። አንዱ ሳይጨርስ ቀጣዩ አይነካም። የጎረቤትን ጦር ማየት የሚቻለውም በራስ ተራ ብቻ ነው።

«ዓመት አልፎናል» አላት።

«በአንድ ጨዋታ? እናንተ እርሻ አጥታችሁ ነው?»

ሰይዳ ጄኔሬተሩን ጓሮ አስወጥታ፣ ነዳጅ አስሞልታ አስነሣችው። ጨዋታው የደረሰበትን ራሱ ያስቀምጣልና ሲከፈት የይድነቃቸውን የምስጢር ቃል ጠየቀ።

«ካንተ በፊት የማን ተራ ነው?»

«የኡበይድ። ጠዋት ዘላለምና ተሾመ እኔ እያየሁ ተጫወቱ። ኡበይድ ጎብዬ ገበያ ፍየል ሊሸጥ ስለሄደ እዚያ ላይ ተውነውና እኔና ተሾመ አብረን ወጣን።»

«አሁን ግን ያንተ ላይ ደርሷል።»

«አዎ።»

«ስለዚህ ከእናንተ በኋላ የኡበይድን ተራ የተጫወተ አለ። ያለ እሱ ቃል ሌላ ሰው ሊከፍተው ይችላል?»

«አይችልም» አለ ይድነቃቸው፣ ሳያመነታ።

ኡበይድን ከሮቢት ይዘው አመጡት።

«ወላሂ ጎብዬ ነበርኩ! የገዛኝን ሰው አላውቀው፣ ያሳፈረኝን የአሸዋ መኪና ታርጋ አላየሁ! እኔ ዘላለምን?»

ምስክር አልተገኘለትም። ባለፈው ቀን ደግሞ ዘላለም «አንተ ቀርፋፋ፣ ተራህን እንደ እርጉዝ ላም እያዘገምክ!» ብሎ ሲሰድበው፣ እሱም «አንድ ቀን ይህን ምላስህን እቆርጥልሃለሁ» ብሎ ሲመልስ መናኸሪያው ሁሉ ሰምቷል። ሰኞ ወደ ወልድያ ሊልኩት ተነገረ።

ለቅሶው ድንኳን ውስጥ ተሾመ ከይድነቃቸው አጠገብ ተቀመጠ። እጁ ቢታጠብም የማይለቅ ግሪስ አለበት።

«ምን ይደረግ፣ አቦ» አለው። «ንዴት ነው። ኡበይድን ታውቀው የለ፣ ዝም ብሎ ዝም ብሎ ነው የሚፈነዳው።»

ይድነቃቸው ራሱን ነቀነቀ። ኡበይድን ያሳሰረው የእሱ ቃል መሆኑን ያውቃል። ማወቁ ግን እንደ ሌላ ሰው ወሬ ነበር።

እሑድ ረፋዱ ላይ ሰይዳ ጌም ቤቱ አስጠራችው።

«ይህን ጨዋታ አስተምረኝ።»

«እርስዎን?»

«ሰው ሲገደል የቤቱን ዕቃ አያለሁ። የዚህ ቤት ዕቃ ይኸው ነው።»

ይድነቃቸው ቃሉን ጽፎ ተራውን ከፈተ። ከዚያ እጁ ቆመ። የኡበይድ ፈረሰኛ ጦር በእሱ በይድነቃቸው ድንበር ላይ፣ ጠባቂ በሌላት ከተማው አፍንጫ ሥር ሰፍሯል።

«ምነው?»

«ይሄ ጦር እዚህ መሆን የለበትም። የተሾመ ዋና ከተማ ላይ ነበር። ዘላለም በደቡብ በር፣ ኡበይድ በሰሜን በር ሆነው ከበዋታል። አንድ ተራ ቢጨመር ትወድቅ ነበር።»

«ኡበይድ አንተን ሊወጋ ፈልጎ ይሆናላ።»

«ኡበይድ? የጀመረውን ሳይጨርስ አይነሣም። ቀርፋፋ ያሰኘውም እሱ ነው።»

ሰይዳ ወንበሯን ሳብ አደረገች። «እስቲ እንደገና ልጠይቅህ። የምስጢር ቃሉን ከእሱ ሌላ የሚያውቅ የለም?»

«ሁላችንም እናውቀዋለን።»

«ምን አልክ?»

«ኡበይድ በአንድ ጣት ነው የሚጽፈው፤ ፊደሉን እየፈለገ፣ ድምፁን እያሰማ። ያልሰማ የለም።»

«ታዲያ ሌላ ሰው ሊከፍተው አይችልም ያልከኝ ምን ነክቶህ ነው?»

ይድነቃቸው አሰበ። ከልቡ አሰበ። «ነውር ነዋ» አለ በመጨረሻ። «በሰው ተራ ማን ይገባል? አስበነው አናውቅም።»

«አንተ ልጅ! ሰው ተገድሏል እያልኩህ አንተ የምትነግረኝ የማይደረገውን ነው። እኔ የምፈልገው የሚቻለውን ነበር።» ቁጣዋን ዋጠችው። «ከመቼ ወዲህ ነው ዘላለምና ተሾመ የሚዋጉት?»

«ከጥንት ጀምሮ ቃል ኪዳን ነበራቸው። ዘላለም የጄኔሬተር ዕቃ ሊገዛ ዋጃ ደርሶ የመጣ ዕለት አፈረሰው። 'ምነው?' ስንለው 'ጨዋታ ነው' አለን። ከዚያ ወዲህ ከተሾመ ጋር ብዙም አያወራም።»

ሰይዳ ተነሥታ መለዮዋን አጠለቀች። «ዋጃ አገሬ ናት» አለች። «ባለጋራዦቹን አንድ በአንድ አውቃቸዋለሁ።»

ሰኞ ማለዳ፣ ኡበይድን የሚወስደው መኪና ደጅ ቆሞ ሳለ፣ ሦስቱንም ጌም ቤቱ ውስጥ አስቀመጠቻቸው። ኡበይድ እጁ በካቴና ነው። ሁለት ፖሊሶች በሩ ላይ ቆመዋል። የኮምፒውተሩ ፊት ወደ ግድግዳ ዞሯል።

«አንድ ጥያቄ ብቻ አለኝ» አለች ሰይዳ። «አሁን ተራው የናንተ ቢሆን ምን ታደርጋላችሁ? ኡበይድ?»

«ሱብሃነላህ! በዚህ ሰዓት ስለ ጨዋታ ትጠይቂኛለሽ?»

«መልስልኝ።»

«ከተማዋን እይዛለኋ። ለዚያ አይደል የከበብኳት።»

«ተሾመ?»

ተሾመ ሳቀ። «ይሄ ምርመራ ነው ቁማር?» ማንም አልሳቀለትም። «እሺ፤ ፈረሰኞቼን በሰሜን በር አወጣና የዘላለምን ዋና ከተማ እይዛለሁ። ጦሩ ሁሉ እኔ ጋ ስለሆነ ከተማው ባዶ ነው።»

«በሰሜን በርማ ኡበይድ አለ» አለ ይድነቃቸው።

ያለው ሊያርመው ነበር፤ ሁልጊዜ እንደሚተራረሙት። ቃሉ ከአፉ ከወጣ በኋላ ነው ሁሉም ወደ ተሾመ መዞራቸውን ያየው።

«ዓርብ ጠዋት ስትጫወት ኡበይድ በሰሜን በር ነበር» አለች ሰይዳ፣ ቀስ ብላ። «ከዚያ ወዲህ ተራህ አልደረሰም፤ ይህችን ኮምፒውተርም እኔ ነኝ የቆለፍኳት። ጦሩ መነሣቱን ያየነው ይድነቃቸውና እኔ ብቻ ነን። አንተ በምን አወቅህ?»

«እንዲያው ገመትኩ።»

«አልገመትክም። ከመጀመሪያው ልንገርህ። ጄኔሬተሩን ያስገባው ሰው ዘላለም ቀትር ላይ እንደሚተኛ፣ የሞተሩ ድምፅም እንደማይቀሰቅሰው ያውቃል። ሦስታችሁም ታውቃላችሁ። ከዚያ በፊት የኡበይድን ተራ ተጫውቶ ዘግቷል። ለምን? ኡበይድ እዚህ ነበር እንዲባል። ኡበይድ ራሱ ቢሆን በገዛ እጁ በራሱ ላይ ምስክር ትቶ አይሄድም። ስለዚህ ሁለት ሰው ቀረ። የተነሣው ጦር ደግሞ የይድነቃቸውን ባዶ ከተማ ሊበላ ነው የሰፈረው። ይድነቃቸው በራሱ ላይ ጦር አይጠራም። የዳነችው ያንተ ከተማ ናት።»

«ለጨዋታ ብዬ ሰው ልገድል?»

«ለጨዋታ አይደለም። የሮቢት ገበሬዎች የመስኖ ሞተር ተነቅሎ የጠፋ ጊዜ 'አፈላልጌ አጣሁት' ያልካቸው አንተ ነህ። ትናንት ዋጃ ጋራዥ ውስጥ አገኘሁት፤ ገበሬዎቹ የቀቡት ቀይ ምልክት ግማሹ ተፍቋል። ባለጋራዡ አምጥተህ የሸጥክለት አንተ መሆንህን ነግሮኛል። ከእኔ በፊት ደግሞ አንድ የቆቦ ልጅ አይቶት፣ ደንግጦ እንደወጣ ነግሮኛል። ዘላለም ነው።»

ኡበይድ በካቴና የታሰረ እጁን ጉልበቱ ላይ አሳረፈ። ሽንኩርቱ የደረቀው በዚያ ሞተር መጥፋት ነው። ፍየሉን ጎብዬ የወሰደውም ለዚሁ ነው።

«ዘላለምን ጊዜ ስጠኝ አልኩት» አለ ተሾመ። «'ቅዳሜ ሽማግሌዎቹ ፊት ራስህ ተናገር፤ አለዚያ እኔ እናገራለሁ' አለኝ። ገበሬው ይገድለኝ ነበር።»

«አንድ ነገር ብቻ አልገባኝም» አለች ሰይዳ። «ምንም ሳትነካ ተራውን ዘግተህ ብትሄድ ኖሮ አላገኝህም ነበር። ጦሩን ለምን አነሣኸው?»

ተሾመ ቀና አለ። ጥያቄው የገረመው ይመስላል።

«ከተማዋ ልትወድቅ ነበራ» አለ።

ይድነቃቸው ገባው። ከሁሉ የከፋው መግባቱ ነበር።

ተሾመን ለኡበይድ በቆመው መኪና ወሰዱት። ኡበይድ ካቴናው ሲፈታለት የእጁን አንጓ አሸት አሸት አድርጎ ወጣ። ይድነቃቸው ተከተለው። ከዋጃ በኩል የሚመጣው ንፋስ የማሽላ ገለባ እያንከባለለ አስፋልቱን ያቋርጣል።

«ኡበይድ።»

«አቤት።»

«አይችልም ያልኩት እኔ ነኝ።»

«ነገሩኝ።» ኡበይድ ባጃጅ ለማስቆም እጁን ዘረጋ። «እኔ የገደልኩት መስሎህ ነው?»

ይድነቃቸው መልሱን ፈለገ። መዋሸት አልፈለገም፤ እውነት የመሰለውንም ሁለት ጊዜ ተናግሮ፣ መጀመሪያ ኡበይድን፣ ቀጥሎ ተሾመን እንዳሳሰረ አይቷል።

«አላሰብኩም» አለ። «ጠየቁኝ፣ መለስኩ።»

«ስለ እኔ ትንሽ ብታስብልኝ ምን ነበረበት?»

ባጃጁ ቆመ። ኡበይድ ገብቶ ተቀመጠና ነጂውን «ሮቢት» አለው። ጎኑ ያለው ቦታ ባዶ ነው። ሌላ ጊዜ ቢሆን «ና ግባ» ይለው ነበር። አሁን ግን ዓይኑን ከፊቱ መንገድ አልነቀለም።

ባጃጁ ሄደ። ይድነቃቸው እዚያው ቆሞ እጁን ደረቱ ላይ አደረገና የሚሰማው ነገር ካለ ብሎ ጠበቀ። ፀሐዩ አናቱን እስኪያግለው ድረስ ጠበቀ።