የባሕር ማዶው የጥልፍ ማሽን

«እዚህ ጋ ይፈርሙ፣ ወይዘሮ ሰርካለም» አለ የባንኩ ሠራተኛ ጌታሁን፣ ወረቀቱን በመስኮቱ ሥር እያሳለፈ። «ከነገ ወዲያ ገንዘቡ ቻይና ነው። ታዲያ አንዴ ከሄደ፣ ኡኡ ቢሉም አይመለስም።»

ልጇ ሚስጥር ከአጠገቧ ቆማ ደነገጠች።

ምን ያለ ነገር ነው እናንተዬ! እዚሁ ሶዶ፣ ዳሞታ ተራራ ሥር የተፈረመች አንዲት ፊርማ፣ ሦስት ቀን ሳይሞላ የማያውቁት ሰው እጅ ትገባለች። እዚሁ ቅርብ ያለችው ገሱባ ለመድረስ እንኳ በዚያ ኮረኮንች ወገብ ይቆረጣል፤ ገንዘብ ግን ያለ ክንፍ ውቅያኖስ ይሻገራል።

ገንዘቡም እንዲሁ የተገኘ አይደለም። እናቷ ገሱባ ያለውን የራሷን አባት ባሕር ዛፍ አስቆርጣ ሸጣ ነው፣ ለስፌት ቤቷ ከቻይና የጥልፍ ማሽን ያዘዘችው። ቀብዱን ከፍላለች፤ ዛሬ ቀሪውን ልትልክ ነው። ባለፈው ሳምንት ግን «የባንክ ሒሳባችን ተቀይሯል፤ በዚህኛው ላኩ» የሚል ኢሜይል መጣ። ወይዘሮ ሰርካለም ደስ አላላትም።

«የሰው ድምፅ ሳልሰማ ገንዘቤን አልሰድም። ደውዪና ጠይቂልኝ» አለቻት።

ለጎረቤቱ ሁሉ «የኔ ልጅ እንግሊዝኛን እንደ ውሃ ነው የምትጠጣው» እያለች ጉራዋን ትነዛለች። የዘጠነኛ ክፍሏ ሚስጥር ግን እንግሊዝኛዋ ፈተና ወረቀት ላይ እንጂ አፏ ላይ የለም። አፈረች። ሳትደውል «ደውያለሁ፤ ልክ ነው ብለዋል» አለቻት።

አሁን እስክሪብቶው ወረቀቱን ሊነካ ነው።

«እማዬ፣ ቆዪ!» አለች። «አልደወልኩም። ዋሽቼሽ ነው።»

ከኋላ የተሰለፈው ሰው ወደ እነሱ ዞረ። የእናቷ ፊት ጠቆረ። እስክሪብቶውን አስቀመጠችና «አሁን ደውዪ» አለች።

ሚስጥር ከኢሜይሉ በፊት በሚያውቁት በድሮው ቁጥር ደወለች። ቪዲዮው ሲከፈት ሊን የተባለችው ሻጭ ብቅ አለች። ሶዶ ላይ ገና ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነው፤ ከሴትዮዋ ጀርባ ያለው መስኮት ግን ጨልሟል። ሚስጥር ምላሷ እየተሳሰረ፣ ቃላቱን አንድ በአንድ እየለቀመች ስለ አዲሱ ሒሳብ ጠየቀች።

«ኖ! ኖ!» ሊን ከወንበሯ ብድግ አለች። «እኛ ምንም አልቀየርንም! ሌቦች ናቸው፣ እንዳትልኩ!» የእሷም እንግሊዝኛ ከሚስጥር አይሻልም ነበር።

«ወይ ጉድ! ለጥቂት!» አለ ጌታሁን ጭንቅላቱን ይዞ።

ሊን ስልኩን እንደያዘች ወደ ሌላ ክፍል ገባች። አንድ ማሽን መርፌዎቹ እየዘለሉ ይሠራል። ነጩ ጨርቅ ላይ ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር መስመር ይወርዳል፤ እናቷ ለናሙና የላከችው የወላይታ ጥለት!

«በስመ አብ! የኛ ጥለት… እዚያ!» ወይዘሮ ሰርካለም ስክሪኑን በጣቷ ነካችው። ዓይኗ እንባ ሞላ። ሰልፈኛው ተራውን ረስቶ አንገቱን አሰገገ።

ጌታሁን የድሮውን ወረቀት ቀዶ አዲስ ቅጽ አወጣ።

«ስለ ውሸቱ ቤት እንነጋገራለን» አለች እናቷ ቀስ ብላ።

«እሺ።»

ሚስጥር ሊንን ትክክለኛውን የሒሳብ ቁጥር እንድታነብላት ጠየቀቻት። ሊን አነበበች፤ ሚስጥር ቀብድ ከተከፈለበት ደረሰኝ ጋር እያስተያየች ጻፈች። ልክ ነበር። እናቷ እስክሪብቶውን አነሳች። ሚስጥር ግን እጇን ያዝ አደረገቻትና፣ ያ ሁሉ ሰው እየሰማት፣ ቁጥሩን እንድትደግምላት ወደ ሊን ድምፅዋን ከፍ አደረገች።

«ዋንስ ሞር፣ ፕሊስ። ስሎውሊ።»